የተባረከው ቀይ ሰላጣ

በጾም ቀን አሥራ አንድ የማኅበር ሰው ከነካህኑ ቤቱ ጠርቶ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ቅጠል ሲያስኘክ የዋለ ሰው ጎንደር ውስጥ ካለ ይምጣና ይንገረኝ። የለም። ከቀሐ እስከ ወለቃ፣ ከወለቃ እስከ መካነ ብርሃን ቤት ለቤት ቢጠየቅ አይገኝም። ይህን ያደረግሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ስለ ራሴ ጥቂት ልናገር። ብዙ መናገር ይቻል ነበር፤ ግን ትሑት ሰው ስለሆንሁ እተወዋለሁ። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥሁም። ፊደል የለየሁት ፒያሳ ላይ ከሱቅ ማስታወቂያ ነው፤ ከ«ሀ» በፊት «ሸቀጣ ሸቀጥ» ማንበብ የቻልሁ ሰው ነኝ። ሰዓት መጠገን የተማርሁት ጣሊያን ጥሎት የሄደ አንድ የግድግዳ ሰዓት ፈትቼ ነው። መልሼ ስገጥመው ሦስት ብሎን ተረፈኝ። ሰዓቱ ግን ሠራ። ፋብሪካው ሦስት ብሎን በከንቱ ማባከኑን ያን ቀን ደረስሁበት። እንግሊዝኛ ያጠናሁት ከአንድ አሮጌ መዝገበ ቃላት ነው። መጽሐፉ ከመሐሉ ጀምሮ የተገነጠለ ስለነበር ቋንቋውን እስከ ግማሽ ድረስ አጥርቼ አውቃለሁ፤ የቀረውን በግምት እሞላለሁ።

አርባ ዓመት ያህል ሰዓት ጠገንሁ። ከዚያ ሰው ሁሉ ሰዓቱን ስልኩ ውስጥ ከተተውና ሱቄን ዘጋሁ። ባለቤቶቻቸው ሳይወስዷቸው የቀሩ አሥራ ዘጠኝ የግድግዳ ሰዓቶች ነበሩኝ፤ ወደ ቤቴ አመጣኋቸው። ሁሉም ይሠራሉ። በየጠዋቱ እሞላቸዋለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ቀጭ ቀጭ ሲሉ ይውላሉ። ባለቤቴ የሺ በሕይወት ሳለች፣ «እነዚህን ወይ አንተ ዝም አሰኛቸው፣ ወይ እኔ በዘነዘና ዝም አሰኛቸዋለሁ» ትል ነበር። የሺ ካረፈች ሁለት ዓመት አለፈ። አሁን ደስ እስኪላቸው ይጮሃሉ።

የሺና እኔ የሚካኤል ማኅበር ነበረን። አሥራ ሁለት ቤት ነን፤ ወር በገባ በአሥራ ሁለት ቀን አንዱ ቤት እንሰበሰባለን። ይጸለያል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላ ይጠጣል፣ ይወራል። ሲያበቃ ጽዋው ለሚቀጥለው ተረኛ ይሰጣል። የእኛ ጽዋ ከወለቃ የመጣ ትንሽ ማሰሮ ነው፤ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ተረኛው ቤት አንድ ወር ይቀመጣል። የእኔ ወር ታኅሣሥ ነው። የሺ ካረፈች ወዲህ ግን ሁለት ታኅሣሥ ዘለሉኝ። በክፋት አይደለም፤ በአዘኔታ ነው፤ የባሰውም እሱ ነው። «አያ፣ አንተ አትቸገር፤ መጥተህ ቅመስና ሂድ» ይሉኛል። እሄዳለሁ፣ እቀምሳለሁ፣ እመለሳለሁ። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ከልጄ በቀር በሬን አልፎ የገባ ሰው ቢቆጠር፣ የመብራት ቆጣሪ አንባቢውና ቤት ተሳስቶ የመጣ አንድ መንገደኛ ናቸው። ለመንገደኛው ሻይ አፍልቼለታለሁ። ሁለት ብርጭቆ ጠጥቶ ሊሄድ ሲል ሦስተኛ ቀዳሁለት።

የሰላጣው ነገር የመጣው ከልጄ ነው። ሐዋሳ ነው የምትኖረው። በእንቁጣጣሽ መጥታ ሦስት ቀን ሰነበተችና ስትሄድ አንድ የዘር ከረጢት ጠረጴዛው ላይ ተወችልኝ። በላዩ የቀይ ሰላጣ ሥዕል አለበት። እዚህ ገበያችን የምናውቀው አረንጓዴውን ነው፤ ይኼ ግን ዳሩ እንደ ሙሽራ ቀሚስ ጥልፍ የተኮማተረ፣ የወይን ጠጅ መልክ ያለው ቅጠል ነበር። ከጓሮ፣ የሺ ጎመን ትተክልበት በነበረው መደብ ላይ ዘራሁት። ገበሬ ዘር ይበትናል፤ እኔ ግን የሰዓት ሰው ነኝ፤ አንዱን ዘር ከሌላው በማስመሪያ እየለካሁ፣ በወረንጦ እየያዝሁ አስቀመጥሁት። አርባ አንድ እግር በቀለ። አንድም አልጠፋብኝም።

ልጄ በየእሑዱ ትደውላለች። «አባዬ፣ ይኼ እንደ ጥቅል ጎመን አይጠቀለልም» አለችኝ በአንዱ እሑድ። «ከውጭ ከውጭ ያለውን ቅጠል እየቀጠፍህ ትበላለህ፤ ከመሐል ሌላ ያወጣል። ብዙ እንዳታቆየው።»

«እሺ» አልኋት። እኔ እሺ ስል ሰማሁ ማለቴ ነው እንጂ ተስማማሁ ማለቴ አይደለም።

የኅዳር ሚካኤል ዓርብ ስለዋለ ማኅበሩ ወደ እሑድ ተገፍቶ አያ ደምሴ ቤት ነበር። አያ ደምሴ የማኅበራችን ሙሴ ነው፤ ሙሴ የምንለው አለቃውን ነው። ጡረታ የወጣ ሾፌር ነው፤ ሲናገር አሁንም መሪ እንደያዘ ሰው ሁለት እጁን ከፊቱ ያነሳል። በግ ታርዶ በላን። ሲያበቃ ካህናችን አባ ኪሮስ ጽዋውን አንሥተው፣ «ተረኛው ማን ነው?» አሉ።

ሁሉም ወለሉን አየ። ጎረቤቴ እትዬ ጥሩ ቶሎ ብላ፣ «እኔ እወስደዋለሁ፤ እንደ አምናው» አለች። እትዬ ጥሩ የየሺ ባልንጀራ ነበረች፤ ግቢዋና ግቢዬን የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው።

«ምነው? እኔ ሞቻለሁ እንዴ?» አልሁ።

«ኧረ አልሞትህም» አለ አያ ደምሴ። «ግን ማን ይደግስልሃል?»

«እኔው።»

«አንተ? ባለፈው ሽሮ ስትሠራ ጭሱን አይተን፣ ቤት ተቃጠለ ብለን ውኃ ይዘን እስከ ደጅህ አልመጣንም?»

«እሱ ሽሮ አልነበረም። ሙከራ ነበር።»

«ደግሞ ታኅሣሥ ጾም ነው። ምን ልታበላን ነው?»

ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ቆምሁ። «በዕድሜያችሁ ቀምሳችሁ የማታውቁትን። ቀይ ሰላጣ።»

«ቀይ ሥር ነው የምትለው?» አለ አያ ደምሴ።

«ሰላጣ! ቀይ!»

«ሰላጣ አረንጓዴ ነው።»

«አንተ ያየኸው አረንጓዴ ነው።»

አባ ኪሮስ ጽዋውን እንደያዙ፣ «ተራው ከሆነ ስጡት» አሉ። አያ ደምሴ ሁለት እጁን አነሳ፤ መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዘ፤ ወደ ቀኝ መለሰ። «ይሁን» አለ። «ግን ሰው ሁሉ ይስማኝ። ከተሳካልህ ተራህ ተራህ ነው፤ ማንም አይነካብህም። ካልተሳካ ግን ከእንግዲህ ተራ አትጠይቅም። መጥተህ ትቀምሳለህ፣ ትሄዳለህ። ተስማማህ?»

«ተስማማሁ» አልሁ። ያን ጊዜ እንኳ በልቤ ተስማምቼ ነበር።

ጽዋውን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ቤቴ ሄድሁ፤ የሺ ታኖርበት የነበረው መደርደሪያ ላይ አኖርሁት። «እንኳን ደኅና ገባህ» አልሁት። ለማሰሮ ስናገር ያየኝ ሰው ቢኖር አርጅቷል ይል ነበር። የሚያይ ስለሌለ አላረጀሁም።

እንግዲህ በዚያ ሰሞን ሰላጣው በደንብ ደርሶ ነበር። ጠዋት ጠዋት ብርዱ ሲበረታ ቅጠሉ ከዳሩ ጀምሮ እየቀላ መጣ፤ ፀሐይ ስታርፍበት ከውስጡ ፋኖስ የበራ ይመስላል። ያን ጊዜ ቢበላ ምን ዓይነት እንደነበር የሚያውቅ የለም። ምክንያቱም አንዲት ቅጠል አልነካሁም። አርባ አንዱም ሙሉ ሆነው ለሚካኤል መድረስ አለባቸው። ከፊት ለፊቱ በርጩማ አስቀምጬ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ከሰዓት ሁለት ሰዓት እጠብቅ ጀመር። ዶሮ አባረርሁ። ድንቢጥ አባረርሁ። ሌላ የሚመጣ ነገር ስላልነበረ በቀረው ጊዜ ሰላጣውን አየሁት።

አንድ ቀን እትዬ ጥሩ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች።

«አያ፣ ምነው ይኼ ነገር እንዲህ ቀላ? ታሞ ነው?»

«ተፈጥሮው ነው። ብርድና ፀሐይ ሲፈራረቅበት ይቀላል።» ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ ተቀምጬ ደረስሁበት።

«ሸጋ ነው እባክህ። እስቲ አንዲት ቅጠል ወዲህ በል፤ ልቅመሰው።»

«አይሆንም።»

«አንዲት ቅጠል?»

«እትዬ ጥሩ፣ ይኼ ለማኅበር የታሰበ ነው። ዛሬ ላንቺ አንድ ብሰጥ፣ ነገ አርባ አንዱ አርባ አንድ አይሆንም።»

ትክ ብላ አየችኝ። «የሺ ጎመኗን ሳታካፍለኝ የዋለችበት ቀን አልነበረም» አለችና ከአጥሩ ወረደች።

እትዬ ጥሩ በየጠዋቱ በአጥሩ ላይ «እንዴት አደርህ?» ትለኝ ነበር። እኔ «ከሁሉም ተሽዬ» እላታለሁ። ከዚያን ቀን ወዲያ ግን ጠዋት ጠዋት ቆርቆሮውን እያየሁ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ከወዲያ በኩል የመጥረጊያዋ ድምፅ ይሰማል፤ ራሷ ብቅ አይልም። ትክክለኛው እኔ መሆኔን አውቃለሁ። ትክክለኛ ሆኖ በርጩማ ላይ መቀመጥ ግን ወገብ ያማል።

ታኅሣሥ ሲገባ ሰላጣው ተአምር አሳየ። ከመሐሉ ዘንግ አወጣና ወደ ላይ ተመዘዘ። በማስመሪያ እለካዋለሁ፤ በየቀኑ ይጨምራል። እሑድ ልጄ ስትደውል እስክትጠይቀኝ አልጠበቅሁም።

«ጉልበቴን አልፏል!» አልኋት።

«አባዬ፣ ሰላጣ ጉልበት አያልፍም።»

«የሐዋሳው አያልፍ ይሆናል።»

«ቀምሰኸዋል?»

«ለእንግዳ የታሰበ ነገር ባለቤቱ ቀድሞ አይነካውም።»

«አንድ ቅጠል ብቻ፣ አባዬ። ዛሬውኑ።»

«ጥርስ የጎደለው የሰዓት ማርሽ ሲዞር አይተሽ ታውቂያለሽ? አንድ ቅጠል የጎደለው ሰላጣም እንደዚያው ነው።»

«ሰላጣ እኮ ሰዓት አይደለም!»

«አንቺ ሰዓትም አታውቂም፣ ሰላጣም አታውቂም» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ከዘጋሁት በኋላ አየሁት፤ ያወራነው ሦስት ደቂቃ ነበር። ሌላ ጊዜ ሃያ ደቂቃ እናወራለን። የሚቀጥለው እሑድ እስኪመጣ አሥራ ሰባቱ ደቂቃ ቆጨኝ።

የሚቀጥለው እሑድ የታኅሣሥ ሚካኤል ዋለበት። ቀኑ ሰንበት ስለሆነ ከቅዳሴ በኋላ ወዲያው ነው የሚበላው። ዳቦውን ዳቦ ቤት አስጋግሬ ነበር። ለጠላው ግን እንግዲህ ምን ልበላችሁ፤ ጠላ መጥመቅም ሞክሬ ነበር፤ የወጣውን ነገር ጠጥቶ የሚመሰክር ሰው ስላልተገኘ አልጽፈውም። ንጋት ላይ በሩ ተንኳኳ። እትዬ ጥሩ በጀርባዋ እንስራ ተሸክማ ቆማለች።

«ላንተ አይደለም» አለች ሳልናገር። «ለሚካኤል ነው።»

ገብታ ጠላውን አስቀመጠችና ሰላጣውን ስቆርጥ ቆማ አየችኝ። ግንዱን በቆረጥሁት ቁጥር ነጭ ፈሳሽ ይወጣዋል።

«አያ፣ ይኼ ነገር ወተት ያፈሳል! ጾም እኮ ነው።»

«ቅጠል ነው፤ ላም አይደለም።»

«እስቲ ልቅመሰው።»

«ሳይባረክ?» አልኋት። እጇን ሰበሰበች። እንግዲህ ያንን ሰላጣ ከዘር ጀምሮ እስከዚያች ሰዓት ድረስ በዓለም ላይ የቀመሰው ፍጥረት አልነበረም። ዶሮዎቹ እንኳ በመጨረሻው ሳምንት መምጣት ትተው ነበር። እኔ የፈሩኝ መስሎኝ ነበር።

ሎሚ ጨመቅሁበት፣ ዘይት አደረግሁበት፣ ቀይ ሽንኩርትና ቃሪያ ከታተፍሁበት። ሁለት ትልልቅ ትሪ ሞላ። ቀለሙን ብታዩ! አራት ሰዓት ላይ ሰዎቹ ገቡ። ሁለት ዓመት ሙሉ ባዶ የነበሩት መቀመጫዎች ሁሉ ሞሉ፤ አንዱ ሰው በመሣሪያ ሣጥኔ ላይ ተቀመጠ። አያ ደምሴ ሰላጣውን ዞር ዞር ብሎ አየው። «ቀይ ነው» አለ።

አባ ኪሮስ ለጸሎት ሲቆሙ ሁለቱን ትሪ ገፋ አድርጌ ከዳቦው አጠገብ አስቀመጥሁ።

«ዳቦውና ጠላው አይበቃም?» አሉ።

«አባ፣ ይኼ በዚህ ግቢ የበቀለ ነው። በየሺ መደብ ላይ። እሱም ይባረክልኝ።»

የሺን ሳነሳ እምቢ አይሉም። ዳቦውንም፣ ጠላውንም፣ ሰላጣውንም ባረኩ። ሁሉም «አሜን» አለ።

አሁን ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ላስረዳ። የተባረከ የማኅበር ምግብ ጸበል ጻዲቅ ነው። አይጣልም፤ ፍርፋሪው እንኳ መሬት አይወድቅም፤ ዶሮ አይበላውም፤ እጅ ላይ የገባ ወደ አፍ ብቻ ነው የሚሄደው። ይህን ሁላችንም ከልጅነታችን እናውቃለን። ያን ቀን ግን ማንም አላሰበውም፤ እኔም ጭምር።

ለሁሉም ጎረስ ጎረስ እንዲያደርጉ አደልሁና ቆሜ ንግግር ጀመርሁ። ስለ ዘሩ፣ ስለ ወረንጦው፣ ስለ ብርዱና ስለ ፀሐዩ። እያኘኩ ዝም ብለው ይሰሙኛል። እንዲህ ተሰምቼ አላውቅም። ዝምታውን አድናቆት አደረግሁት። አባ ኪሮስ ዓይናቸው እንባ ሲያቀርር አይቼ፣ የሺን አስታውሰው ነው ብዬ ድምፄ ተሰበረ።

በመጨረሻ አያ ደምሴ በጭንቅ ዋጠና ጉሮሮውን ጠራረገ። «አያ፣ ይኼ ነገር… ስሙ ማን ነው ያልኸው?»

«ቀይ ሰላጣ።»

«ለምን በሽታ ነው የሚሰጠው?»

ያኔ ጎረስሁ። ወገኖቼ፣ ኮሶ ጠጥቼ አውቃለሁ። ኮሶ ከዚያ አጠገብ ስኳር ነው። መጀመሪያ ምላሴ ሄደ፣ ቀጥሎ ጆሮዬ ውስጥ አንድ ነገር ጮኸ። ዙሪያውን አየሁ፤ አሥራ ሁለት ሰው ጉንጩን ሞልቶ፣ አንዱ አንዱን እያየ፣ የሚተፋበት ቦታ አጥቶ ተቀምጧል። መጀመሪያ የሳቀችው እትዬ ጥሩ ናት። አፏን በነጠላዋ ይዛ ትከሻዋ ይነቃነቃል። ከዚያ በመሣሪያ ሣጥኑ ላይ ያለው ሰው ሳቀ። ከዚያ ቤቱ ሁሉ ፈነዳ።

እኔ አልሳቅሁም። የአያ ደምሴ «ካልተሳካ» የሚለው ቃል በራሴ ውስጥ ይመላለስ ነበር። ሁለቱ ትሪዎች ገና ምንም አልጎደሉም። «ተዉት፤ እኔ አስወግደዋለሁ» አልሁ።

«የት ታስወግደዋለህ?» አሉ አባ ኪሮስ። «የተባረከ ነው። እኔ ነኝ የባረክሁት፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። በሉ እንግዲህ፤ ሁላችንም እንበርታ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመጻፍ ከእኔ ያነሰ ሰው ይቸገራል። አንዱ በበርበሬ ሞከረው። አንዱ ዳቦ ውስጥ ደብቆ ጎረሰ፤ ዳቦውም መረረ። አንዱ አፍንጫውን ይዞ በጠላ አወራረደው፤ ጠላው ደግሞ ወሬ አመጣ። አያ ደምሴ በወጣትነቱ ኮሶ ጠጥቶ መኪናውን ሊማሊሞ መሐል አቁሞ የሮጠበትን ቀን ተረከ። ሌላው የባሰ አለው። በየጉርሻው አንድ ታሪክ ይወጣል፤ ታሪኩ እስኪያልቅ ጉርሻው ያልቃል።

እኩለ ቀን ሲሆን እትዬ ጥሩ ተነሣች። «ይኼ በጥሬው አያልቅም። እንደ ጎመን ልቀቅለው። የየሺ ድስት የት ነው?»

ሁለት ዓመት ያልከፈትሁትን ቁም ሣጥን ከፍቼ ሰጠኋት። ያን ድስት ሳየው ዞር ብዬ በር በሩን አየሁ። ሎሚና ዘይቱን አጥባ ቀቀለችው፤ ውኃው ቀላ፤ ቅጠሉ ጠቆረ። ውኃውስ ምን ይሁን የሚል ክርክር ተነሣ። አባ ኪሮስ አስበው፣ «ውኃው ወደ በቀለበት ይመለስ» ሲሉ ፈረዱ፤ መደቡ ላይ አፈሰስነው። ቅቅሉ ከጥሬው ይሻል ነበር። ይሻል ነበር ስል ኮሶን ያህል ብቻ መረረ ማለቴ ነው።

ስምንት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ፤ ልጄ ናት። ተቆጥታለች ብዬ ፈርቼ ነበር።

«አባዬ… ማን ነው የሚስቀው?»

«ማኅበርተኞቹ ናቸው።»

«ሰዓቶቹ የት ሄዱ? ድምፃቸው የለም እኮ።»

ግድግዳውን አየሁ። አሥራ ዘጠኙም እየሠሩ ናቸው። «አሉ» አልኋት። «አሉ፤ ሰው በዝቶ ነው።»

ትንሽ ሳቁን አዳመጠችና፣ «ሰላጣውስ?» አለችኝ።

«ሰው ከመቀመጫው አልተነሣም» አልኋት። ውሸት አልነበረም።

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል የመጨረሻው ጉርሻ አለቀ። አያ ደምሴ ግድግዳ ተደግፎ እንቅልፍ ወስዶት ነበር፤ ነቃና፣ «ስንት ሰዓት ሆነ?» አለ።

በዚህ ቤት ሰዓት ከተጠየቀ ሁለት ዓመት ሆኖታል። አፌን ሳልከፍት ሰዓቶቹ አንድ ላይ ደወሉ። አያ ደምሴ ደንግጦ ቁጢጥ አለ።

ደወሉ ሲያበቃ ጽዋውን ከመደርደሪያው አውርጄ አያ ደምሴ ፊት ቆምሁ። «ውላችንን አውቃለሁ» አልሁ። «ተራዬን አልጠይቅም።» ያችን ማሰሮ ለመልቀቅ ጣቶቼ እምቢ አሉኝ።

አያ ደምሴ ሁለት እጁን አነሳ፤ መሪው ግን አልዞረለትም። «ምግቡ እንደሆነ… ምግብ አይደለም» አለ። «ሰው ፊት የተናገርሁት ቃል አለ።»

«ቃልህ ምን ነበር?» አለች እትዬ ጥሩ። «‹ከተሳካ› ነበር ያልኸው። ባለፈው ወር አንተ ቤት በግ ታረደ፤ በልተን ስንጨርስ ሰባት ሰዓት አልሞላም፤ ሁላችንም እቤታችን ገብተን ነበር። ዛሬ ስንት ሰዓት ነው?»

ሁሉም ግድግዳውን አየ። መልሱ ከአሥራ ዘጠኝ ቦታ ተጽፏል። አባ ኪሮስ ጢማቸውን እያሻሹ፣ «እኔ እንኳ ለማታው ጸሎት ዘግይቻለሁ» አሉ።

አያ ደምሴ አሰበ፣ አሰበ። «ተራው ይቆይለት» አለ በመጨረሻ። «መቀጫ ግን አለበት። ይኼን ነገር እንደገና ይዝራ። ደግሞ ብቻውን አይጠብቀውም! በየሳምንቱ አንዳንድ ሰው በተራ እየመጣ፣ ከውጭ ከውጩ ቀጥፎ ይቅመስ። ዳግመኛ በእንዲህ ያለ ነገር እንዳንፈተን።»

ተሳሳቁ፤ ጽዋው ለሚቀጥለው ተረኛ ሄደ፤ እነሱም ሄዱ። በሩን ስዘጋ ቀጭ ቀጭታው መጣ። አፌ ውስጥ ምሬቱ እስከ ማግስቱ ቆየ፤ ውኃ ሳልጠጣበት አደርሁ፤ ቶሎ እንዳይሄድብኝ።

በጥር ዘራሁ። ሰላጣ ዘንግ ሲያወጣ እንደሚመርር ማንም አላስተማረኝም፤ በልቼ ደረስሁበት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቅጠሎች፣ ገና አውራ ጣት ሳያክሉ፣ ቀጥፌ በአጥሩ ላይ ለእትዬ ጥሩ አቀበልኋት። አኘከችው። «እንዴት ነው?» አልኋት። «ቅጠል ቅጠል ይላል» አለች። «ሸጋ ነው። እንዴት አደርህ?» ከሁሉም ተሽዬ፣ አልኋት።

ሁዳዴ ሲገባ ቅጠሉ ደረሰ። በመጀመሪያው ሳምንት ማንም አልመጣም። በሁለተኛውም። ለካ ቀልድ ኖሯል ብዬ በርጩማዬን ወደ ቤት አስገባሁ። ቀጥፌ በላሁት፤ ጣፋጭ ነበር፤ ጣፋጭነቱን የምነግረው ሰው ስላልነበረ ለሰዓቶቹ ነገርኋቸው። በሦስተኛው ሐሙስ በሩ ተንኳኳ። አያ ደምሴ ባዶ ፌስታል በእጁ ይዞ፣ ወደ ጎን እያየ ቆሟል።

«መቀጫህን ላስፈጽም ነው የመጣሁት» አለኝ። «ሙሴ ስለሆንሁ መጀመር ያለብኝ እኔ ነኝ።»

ከዚያ ወዲህ ይመጣሉ። ሁሉም አይደሉም፤ አንዳንዱ ይረሳል፣ አንዳንዱ ይዘገያል። አያ ደምሴ ግን ተራው ባይሆንም ሐሙስን አይስትም። አርባ አንድ እግር ለአንድ ሰው ይበዛል ብላኝ ነበር ልጄ፤ እኔ ደግሞ ዘንድሮ ስልሳ አደረግሁት። እንግዳ ሲመጣ ቅጠሉን እኔ ቀጥፌ አልሰጥም። ብሰጥ ይዘውት ይሄዳሉ። ራሳቸው ጎንበስ ብለው፣ የትኛው የውጭው፣ የትኛው የመሐሉ እንደሆነ እያስተማርኋቸው ይቀጥፋሉ። አያ ደምሴ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ መሪ ያደከመው እጅ ነው። አንዲት ቅጠል ለመቅጠፍ ሩብ ሰዓት ይፈጅበታል። በግምት አይደለም የምናገረው፤ እኔ የሰዓት ሰው ነኝ፣ ለክቼዋለሁ።